ማባያው እንጀራ ሲሆን

በአማርኛ የወጥ ቤት ቋንቋ ውስጥ «ማባያ» የምትባል ቃል አለች። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ ዶሮውና ሥጋው፣ ሁሉም በእርሷ ሥር ይጠቃለላሉ። ምግቡ እንጀራ ነው፤ ማባያው እንጀራውን የሚያስበላ አጃቢ ነው። በስዋሂሊም ከኡጋሊ ጋር የሚቀርበው ሥጋ ወይም ዓሣ «ኪቶዌዎ» የሚባል የራሱ ስም አለው። የጥንት ግሪኮችም ገበታቸውን በሁለት ከፍለው እህሉን «ሲቶስ»፣ ከእህሉ ጋር የሚቀመሰውን «ኦፕሶን» ይሉት ነበር። እነዚህ ሦስት ቋንቋዎች በዘር አይዛመዱም፤ ገበታዎቹን ግን አንድ ዓይነት የቁጠባ ሒሳብ አዘጋጅቷቸዋል። ርካሹ ሆድ ይሞላል፤ ውዱ ያጣፍጣል። አማርኛ ይህን ሒሳብ እጅግ አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ኑሮን ራሱን «እንጀራ» ብሎ ጠራው። ሰው እንጀራ ፍለጋ ይሰደዳል እንጂ ወጥ ፍለጋ አይሰደድም።

ይህን የቆየ ሥርዓት የሚገለብጥ ትእዛዝ ዛሬ ከሐኪም ቤት ይወጣል። የስኳር በሽታ አለብህ የተባለ ሰው እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ኡጋሊውንና ስኳሩን ቀንሶ በጎመን፣ በእንቁላል፣ በዓሣና በመሳሰለው እንዲተካው ይመከራል። በትምህርት ቤት «ኃይል ሰጪ» የሚባለው የምግብ ወገን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ካርቦሃይድሬት፣ ወደ ገበታው ጥግ ይሂድ፤ ማባያው መሐል ይግባ ማለት ነው። ምክሩ በወረቀት ላይ አጭር ነው፤ ወደ ገበያ ሲወርድ ግን ይረዝማል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሌሎች እኅት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዓመታዊ ዘገባ፣ ጤናማ የሚባለው አመጋገብ ጉልበት የሚሰጥ ርካሽ እህል ብቻ በልቶ ከማደር 5 እጥፍ ያህል ዋጋ እንዳለውና ከ3 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ሊገዙት እንደማይችሉ ገልጿል። ዘገባው ስለ ጤናማ አመጋገብ በጠቅላላው እንጂ በተለይ ካርቦሃይድሬትን ስለ መቀነስ አልተናገረም። ሆኖም ዋጋውን የሚሰቅለው ያው ነው፤ አትክልቱ፣ ፍራፍሬው፣ ከእንስሳት የሚገኘው ምግብ። እህሉም ቢሆን ርካሽ የሚባለው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 አጋማሽ 2 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ከ200 ሽልንግ በላይ ሲሸጥ፣ ብዙ ቤተሰብ ኪቶዌዎውን ረስቶ ስለ ኡጋሊው ብቻ ይጨነቅ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ከሕክምና አልፎ ወደ ግብረ ገብ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። የቤቱ ገቢ አንድ ነው፤ ማዕዱም አንድ ነው። ከአንድ ማዕድ ከሚቆርሱት መካከል አንዱ ከውዱ ወገን አብዝቶ እንዲበላ ሲታዘዝ፣ የሚበላው የማንን ድርሻ ነው?

ጥያቄው አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከ2300 ዓመት በፊት አቴናውያን በእራት ገበታ ላይ ተነጋግረውበታል። የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር የነበረው ዜኖፎን ስለ መምህሩ በጻፈው የማስታወሻ መጽሐፍ፣ በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ አካባቢ፣ ወዳጆች እያንዳንዳቸው ማባያ ይዘው መጥተው አብረው ስለሚበሉበት እራት ይተርካል። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይዞ ይመጣል። ሶቅራጥስ ጥቂቱን ያመጣው ሰው ድርሻ ለሁሉም በጋራ እንዲቀርብ ወይም ለየሰዉ እኩል እንዲከፋፈል አስተናጋጁን ያዝዘዋል። ብዙ ያመጡት ከድሃው ድርሻ ተካፍለው የራሳቸውን መደበቅ ያፍራሉ፤ እነርሱም ያመጡትን ወደ ጋራው ይጨምራሉ። ጥቂት ካመጡት የተለየ የማያገኙ ከሆነ ደግሞ በማባያ ላይ ብዙ ገንዘብ ማውጣቱን ይተዉታል።

ወዲያው ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ከተቀመጡት አንዱ ወጣት ዳቦውን ትቶ ማባያውን ብቻ ይበላል። ሶቅራጥስ ያየዋል፤ ነገሩን ወደ ቃላት ጨዋታ ያዞርና «ሰው ‹ማባያ በላተኛ› የሚል ስም የሚወጣለት ምን ሲያደርግ ነው?» የሚል ጥያቄ ያነሣል። ግሪኮች ለዚህ አንድ የስድብ ቃል ነበራቸው። ወጣቱ ነገሩ ይገባውና ቁራሽ ዳቦ ያነሣል፤ ሶቅራጥስ ግን አይለቀውም፤ አጠገቡ ያሉትን፣ ዳቦውን ማባያ ወይስ ማባያውን ዳቦ እንደሚያደርግ እዩልኝ ይላቸዋል።

ይህን ታሪክ የሚያነብ የስኳር ሕመምተኛ ራሱን ከወጣቱ ጎን ያገኘዋል። ሶቅራጥስ ግን በንግግሩ መሐል አንዲት ትንሽ በር ክፍት ትቷል። የሚወቀሰው ለሰውነት ልምምድ ብሎ ሳይሆን ለደስታ ብሎ ማባያን ያለ እህል የሚበላ ሰው እንደሆነ ይናገራል። ስፖርተኛው በሥልጠናው ምክንያት ከወቀሳው ይድናል። እንግዲያው ወቀሳው የወደቀው በምግቡ ላይ ሳይሆን በምክንያቱ ላይ ነው። በአንድ ገበታ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲበሉ አንዱ ስግብግብ፣ ሌላው ግዴታውን የሚፈጽም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ምክንያት በዓይን አለመታየቱ ነው፤ የሚታየው እጅ ነው።

የአመጋገቡ የራሱ ታሪክም ለዚህ ጥርጣሬ ረድቷል። ዘመናዊው የካርቦሃይድሬት ቅነሳ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የለንደን ሀብታም የቀብር አስፈጻሚ ስለ ውፍረት ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ነው። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተው ሐኪሙ መክሮት በአንድ ዓመት ገደማ ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሷል። ስሙ በስዊድን ቋንቋ ውስጥ ግስ እስከ መሆን ደርሷል፤ ስዊድናዊ ክብደት ለመቀነስ አመጋገቡን ሲያስተካክል «ባንታ» ይላል። የሰውየውን የዕለት ገበታ ለሚያይ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ጧት የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ኩላሊት ወይም የተጠበሰ ዓሣ፤ ምሳ ላይ እንደገና ዓሣና ሥጋ፣ ከጥሩ ወይን ጠጅ ጋር። ለእርሱ እህል መተው ማለት ከሁለት ውድ ነገሮች አንዱን መምረጥ እንኳ አልነበረም፤ ጎተራው ሙሉ ነበር። ሐሳቡ ወደ እኛ አካባቢ የደረሰው ይህን የሀብታም ጠረን እንደያዘ ነው። ስለዚህም በጉርብትና መካከል አንዲት ሴት «እንጀራ ትቻለሁ» ስትል ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሽንጧ እንጂ ስለ ደሟ አይደለም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ፣ ከአራቱ ሦስት የሚሆኑትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚገኙ ገምቷል። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የባለሙያዎች ስምምነት፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ አመጋገብ እንደሌለ ካመነ በኋላ፣ የደም ስኳርን በማሻሻል ረገድ ከፍተኛ ማስረጃ ያለው ካርቦሃይድሬትን በጠቅላላው መቀነስ መሆኑን አስፍሯል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ሐኪም ሳያስተካክልለት እንጀራውን በድንገት ቢቀንስ የደሙ ስኳር እስከ አደጋ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ኩላሊቱ የታመመም ሥጋና እንቁላል ከማብዛቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

በአካባቢው ይህ አመጋገብ ሁልጊዜ የባለጸጋ አለመሆኑም ሊነሣ ይገባል። ቦረናው፣ ሶማሌው፣ አፋሩና ማሳዩ በከብቱ ወተትና ሥጋ ሲኖር እህሉ ነበር ተጨማሪው። ማባያው እንጀራ የሆነበት ሕዝብ ነበር ማለት ይቻላል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ 5 ወቅት በተከታታይ ሲቀር በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። ለአርብቶ አደሩ የመጣለት ርዳታ ደግሞ በዋናነት እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በተቋቋመው በካኩማ የስደተኞች ካምፕም የሚታደለው ራሽን ከዚህ የተለየ አይደለም። በዚያ ወረፋ ላይ ለቆመ የስኳር ሕመምተኛ የሐኪሙ ምክር በማን ገንዘብ እንደሚፈጸም የሚነግረው የለም።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። በናይሮቢ ኢስሊ ወይም በአዲስ አበባ አንድ ሰፈር ውስጥ በቀን ገቢ የሚተዳደር ቤት እንበል፤ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት። ሕመምተኛዋ እናቲቱ ናት። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ ምሳሌ ይሰጣል፤ 10 ምና ምግብ ብዙ፣ 2 ምና ጥቂት ቢሆን፣ አሠልጣኝ መሐሉን ወስዶ ለሁሉም 6 ምና አያዝም፤ ይህ ለታላቁ ታጋይ ለሚሎን ያንሳል፣ ለጀማሪው ይበዛል። በአምስተኛው ክፍል ደግሞ ጠብ የሚነሣው እኩል የሆኑ ሰዎች እኩል ያልሆነ፣ እኩል ያልሆኑም እኩል ድርሻ ሲያገኙ መሆኑን ይናገራል። በዚህ መሠረት እናቲቱ ከልጆቿ የተለየ ነገር ብትበላ ፍትሕ አይጓደልም። የሚጓደለው ለሁሉም እኩል ሁለት ሁለት እንጀራ ሲታደል ነው።

ይህ አነጋገር ግን በአገራችን ሰው ጆሮ ቀላል አይደለም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። መሶብ ሰውን በእኩልነት የሚያስቀምጥ የቤት ዕቃ ነው፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ እጅ ለእጅ እየተያየ ይበላል፤ የሰው ሥነ ምግባርም የሚመዘነው ከፊቱ ብቻ በመብላቱና ሥጋውን ወደ ሌላው በመግፋቱ ነው። የተለየ ሳህን ይዞ ጥግ መቀመጥ የቅጣት ወይም የኩራት ምልክት ይመስላል። ይህ ስሜት ከንቱ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች የወቀሰው እያንዳንዱ የራሱን እራት ቀድሞ ስለሚበላ፣ አንዱ ሲራብ ሌላው ስለሚሰክር ነበር። ነገር ግን በዚያው አዲስ ኪዳን፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6፣ ተቃራኒው ክስ ይገኛል፤ በዕለታዊው እደላ መበለቶቻቸው ተዘነጉ ብለው የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ያጉረመርማሉ። ሐዋርያቱ ጉርምርምታውን ስግብግብነት አላሉትም፤ ማዕዱን የሚቆጣጠሩ ሰባት ሰዎች ተሾሙ። ድርሻዬ ጎደለ ብሎ መናገር በማኅበሩ ውስጥ ሰሚ ያለው አቤቱታ ሆነ ማለት ነው።

ጾሙም የሚያስተምረው ነገር አለው። ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ለሚፈልግ የኦርቶዶክስ ምእመን ወራቱ ይጠብባሉ፤ እንቁላሉም፣ ዓይቡም፣ ሥጋውም ሲወጣ የሚቀረው እንጀራና ጥራጥሬ ነው፤ ሽሮውም ንጹሕ ማባያ አይደለም፤ ከ100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 60 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ምንም እንኳ ከዳቦው ይልቅ ቀስ ብሎ ወደ ደም ቢገባ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ በንስሐ አባቱ በኩል መንገድ ትከፍታለች። በእስልምናም ለሕመምተኛ የረመዳን ጾም ይቀልለታል፤ ጭራሹን መጾም የማይችል ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ እንዲያበላ ይጠየቃል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የተለየ መብላት የተፈቀደለት ሰው ልዩነቱን ለሌላው በሚያደርሰው ምግብ እያካካሰ ከማኅበሩ ጋር ይኖራል። ፈቃዱም በድብቅ የሚወሰድ ሳይሆን በአደባባይ የታወቀ ነው።

በአብዛኛው ቤት ግን የሚሆነው ሌላ ነው። እናቲቱ ለማንም አትናገርም። ከክሊኒክ የወጣችበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ለባልና ለልጆች ታቀርባለች፣ እንግዳ ካለ ለእንግዳ ትጨምራለች፤ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ወጡ በፈሰሰበት እንጀራ ላይ ነው። እንቁላል ሲገኝ ለትንሹ ልጅ ነው። ስትጠየቅ «እኔ ጠግቤአለሁ» ትላለች። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተናጋሪው ዓለም ውስጥ ከየትኛውም ስብከት ይልቅ የተከበረ ነው፤ ስንት ዘፈንና ስንት የእናቶች ቀን ንግግር ተሠርቶበታል። ሆኖም ሊጠየቅ ይገባል፤ ውዳሴውን የሚያቀርበው ማን ነው? እንቁላሉን የበላው ወገን ነው።

ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚያነሡት መልስ የጥቅም መልስ ነው። እናት ዛሬ እንቁላሉን ብትተው ነገ ዓይኗ ይደክማል፣ እግሯ ይቆስላል፣ ኩላሊቷ ይታመማል፤ የዚያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለልጆቿ ስትል ትብላ ይባላል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ በእንቁላል ላይ የተቆጠበው በሕክምና ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ክርክሩ ውስጥ አንድ የሚያስቀይም ነገር አለ። በሬውም የሚቀለበው ለእርሻው ሲባል ነው። የእናቲቱ ድርሻ በምታበረክተው ሥራ የሚለካ ከሆነ፣ በምድጃው ጥግ የተቀመጠችው አያት፣ ለቤቱ ሳንቲም የማታመጣው፣ ስኳር ቢይዛት ምን ትባላለች? በጥቅም ሒሳብ የእርሷ ጎመን ኪሳራ ነው። ይህን ለመናገር የሚደፍር ቤተሰብ የለም፤ አለመድፈሩም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም በልቡ የሚያውቀው ሌላ መሠረት አለ። በአንድ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚገባውን የሚያገኘው ማዕድ ተካፋይ በመሆኑ ነው፤ ፍላጎቱ በመታመሙ ምክንያት ሲለወጥ ድርሻውም አብሮ ይለወጣል፤ ከማዕዱ ግን አይወጣም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። ልጁም ይታመማል፤ ማደግ ራሱ ፍላጎት ነው፤ በልጅነት ያልተገኘ ገንቢ ምግብ በጉልምስና አይተካም። በቤቱ ያለው እንቁላል በእርግጥ አንድ ከሆነስ? እንዲህ ከሆነ ለልጁ ነው፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። የእናቲቱ ሕመም በጎመንና በእንጀራ ቅነሳ በከፊል ይያዛል፤ የልጁ አጥንትና አእምሮ ግን ጊዜውን አይጠብቁም። ይሁን እንጂ «አንድ እንቁላል ብቻ ነው ያለው» የሚለው ንግግር ከእውነታው ይልቅ በክርክር ላይ ይበዛል። በዚያው ቤት ውስጥ የአባት ጫት ወይም ሲጋራ ይኖራል፤ እንግዳ ሲመጣ የሚገዛ ለስላሳ ይኖራል፤ በብድር የሚታረድ የበዓል በግ ይኖራል። እነዚህ ወጪዎች ከእንቁላሉ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ቀርበው አያውቁም። ድህነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ድህነት የአከፋፈል ጉዳይ ሆኖ ሳለ የእጦት ልብስ ለብሶ ይቆማል። ልዩነቱ የሚለየው ወጪው ሁሉ በግልጽ ሲቆጠር ነው። ቆጠራው የማይጀመረው ደግሞ እናቲቱ ስላልተናገረች ነው፤ እናቲቱም የማትናገረው መናገር እንደ መንጠቅ ስለሚቆጠርባት ነው።

መናገሩ ከተጀመረ ሒሳቡ እንደ ተፈራው አያስደነግጥም። በመጀመሪያ የሚቀነሰው ነገር ገንዘብ አያስወጣም፤ ይልቁንም ይመልሳል። ስድስት ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ሻይ ሲጠጣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢጨምር በቀን 24 ማንኪያ ነው፤ በወር ከ700 በላይ። ከዚህ ግማሹ ቢቀር ማንም አይራብም፤ ልጆቹም ጥርሳቸው ይተርፋል። ለስላሳው፣ ብስኩቱና የጧቱ ነጭ ዳቦም ከዚሁ ወገን ናቸው። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ወደ እንቁላል ይዞራል። በናይሮቢ ጎመን መሰሉ ቅጠል «ሱኩማ ዊኪ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ደመወዝ እስኪመጣ ድረስ ድሃን የሚያሻግር ርካሽ አትክልት በመሆኑ የወጣለት ስም ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚመጣው ደረቁ ትንሽ ዓሣ፣ ኦሜና፣ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። ሀብታም የሚንቀው ጨጓራና አንጀት፣ በዚያ አገር አነጋገር ማቱምቦ፣ ከሥጋው ይረክሳል። ኦቾሎኒና በወቅቱ አቮካዶ አሉ። በኢትዮጵያ ገበታ ላይም ጾሙ ራሱ ያቆያቸው ተልባና ሱፍ አሉ፤ የተልባ ካርቦሃይድሬት አብዛኛው ወደ ስኳር የማይለወጥ አሰር ነው። ጤፍም ቢሆን በብረትና በአሰር የተመሰገነ እህል ሆኖ ሳለ ለስኳር ሕመምተኛ «አይጎዳም» ተብሎ ያለ ልክ የሚበላ አይደለም፤ ከ100 ግራም ዱቄት 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ሁለት እንጀራ የነበረው ወደ ግማሽ እንጀራ ሲወርድ የጤፉም ዋጋ ይቀንሳል፤ ዱቄት በተወደደበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የሶቅራጥስ ዘዴ ጠቃሚ ይሆናል። ለእናቲቱ የተለየ ድስት ከመጣድ ይልቅ መጀመሪያ የጋራው ድስት ይለወጥ። ጎመኑ ቢበዛ፣ ስኳሩ ቢቀንስ፣ ኦሜናው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሠራ ሁሉም ይበላዋል፤ ለማንም ጉዳት አይሆንም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልዩነት፣ ማለትም ልጆቹና አባት ለሥራና ለጨዋታ የሚፈልጉት ተጨማሪ እንጀራ፣ በእነርሱ በኩል ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን «የተለየ የሚበላው» እናቲቱ መሆኗ ይቀርና እንጀራ የሚጨምሩት ይሆናሉ። ነገሩ የቃላት ለውጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ገበታ ላይ ማን እንደ መደበኛ፣ ማን እንደ ልዩ መቆጠሩ የሚያሳፍረውን ሰው ይለውጣል። ይህ ለሁሉም ቤት ይሠራል ማለት አይደለም። በርዳታ ዱቄት ለሚኖር የሚለወጥ ድስት የለውም፤ የዚያን ጥያቄ የቤተሰብ ጉባኤ አይፈታውም፤ ራሽኑን የሚወስኑት ሊመልሱት ይገባል።

ሌላው ፈተና ከቤት ውጭ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ ክርስትና ላይ እንጀራ አልቆርስም ማለት ባለቤቱን መናቅ ነው። «በሞቴ!» ይባላል፤ ጉርሻ እስከ አፍ ድረስ ይመጣል፤ አንዱ ከተጎረሰ ሁለተኛው ይከተላል። እምቢ የሚለው ሰው ሕመሙን በሕዝብ ፊት መግለጥ ወይም ጉርሻውን መዋጥ አለበት፤ አብዛኛው ይውጣል። ፍቅር በዚህ መልክ ሲመጣ መመከቱ ያስቸግራል፤ ምናልባትም ኃላፊነቱ መውደቅ ያለበት በሚጎረሰው ላይ ሳይሆን በሚያጎርሰው ላይ ነው። ጎመን ጠቅልሎ ማጉረስ ይቻላል። ማንም ሞክሮ ጉርሻው ጉርሻ አይደለም የተባለበት ጊዜ የለም።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪዋ ቃል ግን «እንብላ» ናት። ሰው እየበላ ሳለ ሌላ ሰው ከገባ እንብላ ሳይባል አይታለፍም። ከሳህኑ የሚካፈለውን የማይተርፍ ሰው እንብላ ሲል ቃሉ አፉ ላይ ይደርቃል፤ ሁለት እንቁላሏን ለብቻ የምትበላ እናት ጎረቤት በድንገት ስትገባባት ሳህኑን በነጠላዋ የምትሸፍነው ለዚህ ነው። አንዳንድ ቤት ለዚህ ያገኘው መላ ቀላል ነው። ትሪው ላይ እንጀራው ሲነጠፍ በሕመምተኛዋ በኩል ያለው ጥግ ባዶ ይተውና ጎመኑና እንቁላሉ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን እዚያው ትሪው ላይ ይቀመጣል። ሳህኑ ከማዕዱ አልወጣም፤ እንግዳውም እንብላ ሲባል እጁን ወደፈለገው ይሰድዳል። አንድ ችግር አለ፤ ልጆቹ የራሳቸውን ወጥ ትተው ከዚያች ሳህን ይሻማሉ፤ እነርሱን የሚከለክለው ማን እንደሆነ በብዙ ቤት ገና አልተወሰነም።